ስለ ቤት አስቤዛ፤ ድኻ በውድ የሚገዛበት ምክንያትና መፍትሔው

የሰው ልጅ ኑሮ በሦስት ነገር ይቆማል፤ ይኸውም በምግብ፣ በልብስና በመጠለያ ነው። ልብስ ቢያረጅ ተጥፎ ይለበሳል፤ ቤትም ቢያፈስ ክረምቱ እስኪያልፍ ድረስ በመከራ ይታገሡታል፤ ምግብ ግን ቀን አይሰጥም። ስለዚህ የአንድ ቤት አስተዳደር መልካም መሆኑና አለመሆኑ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታወቀው ለጓዳው በሚወጣው ገንዘብ ነው። ብዙ ሰዎች ግን የጤፉንና የሽሮውን፣ የዘይቱንና የሽንኩርቱን ነገር ለቤት እመቤት ብቻ የተተወ ትንሽ ጉዳይ አድርገው ያስቡታል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ለአስቤዛ የሚወጣው ብር በብልሃት ቢወጣ ቤት ይቀናል፤ ያለ ብልሃት ቢወጣ ግን ደመወዝ የሚቀበለው ጸሐፊም፣ በቀን ሥራ የሚያድረውም ሠራተኛ፣ ወሩ ሳያልቅ ዕዳ ውስጥ ይገባል። በዕዳ የተያዘ ሰው ደግሞ ለመንግሥት ሥራም ሆነ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ልቡ ሙሉ ሊሆን አይችልም።

ያለፉት ዓመታት በኢትዮጵያ ከተሞች ለሚኖረው ሕዝብ የፈተና ዓመታት ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. የዋጋው መናር በዓመት ከመቶ 30 በላይ ደርሶ ነበር፤ የምግብ ዋጋም ከሌላው ሸቀጥ ይልቅ ፈጥኖ ወጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ አገር ገንዘብ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ ቀድሞ ከ60 ብር በታች ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር ዓመት ሳይሞላ ከ120 ብር በላይ ሆነ። የምግብ ዘይት በብዛት፣ ነዳጅና የእርሻ ማዳበሪያም በሙሉ ከባሕር ማዶ የሚመጡ ስለ ሆነ፣ የምንዛሪው ለውጥ በመኪና ኪራይና በእርሻ ወጪ በኩል እየዞረ ከአገር ቤት እህልም ላይ ሳይደርስ አልቀረም። መንግሥትም ይህን ተመልክቶ የሠራተኞቹን ደመወዝ በ2017 ዓ.ም. አሻሽሎ ዝቅተኛውን ከ1,100 ብር ወደ 4,760 ብር፣ በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ አደረገ። ነገር ግን ደመወዝ የሚሻሻለው ከስንት ጊዜ አንድ ጊዜ ነው፤ የገበያ ዋጋ ግን በየሳምንቱ ይለወጣል። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሸፍነው የቤተ ሰቡ ጥንቃቄ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ቁጠባና ረኃብ እንዳይምታቱ መለየት ይገባል። ገንዘብ ሲያጥር ብዙ ቤት የሚወስደው የመጀመሪያ እርምጃ ከማዕዱ መቀነስ ነው። የሚቀነሰውም እንጀራው አይደለም፤ ሆድ የሚሞላው እሱ ነውና። የሚቀነሰው ምስሩ፣ አተሩ፣ ወተቱ፣ እንቁላሉና ጎመኑ ነው። ታላላቆቹ ይህን ጥቂት ጊዜ ሊታገሡት ይችላሉ፤ ሕፃናት ግን ያለፈባቸውን የዕድገት ጊዜ መልሰው አያገኙትም። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፣ በኢትዮጵያ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት መካከል ከመቶ 37ቱ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው ያጠረ ሆኖ ተገኝቷል። የዚህ ጉዳት ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም የምግብ ማነስና አንድ ዓይነት መሆን ከዋነኞቹ አንዱ ነው። እንግዲህ ሥጋን የሚያጎድል ቁጠባ ቁጠባ አይባልም። እውነተኛው ቁጠባ ያንኑ ምግብ ባነሰ ገንዘብ ገዝቶ፣ በተረፈው ለልጅ እንቁላል መጨመር ነው።

ይህ የሚቻል ነውን? የሚቻል ነው፤ ነገር ግን አስቀድሞ አንድ እንግዳ የሚመስል እውነት መታወቅ አለበት። በገበያ ላይ ለአንድ ዓይነት እህል ከሁሉ የሚበልጠውን ዋጋ የሚከፍለው ሀብታሙ አይደለም፤ ድኻው ነው። ሀብታሙ ጤፉን በኩንታል ከእህል በረንዳ ያስጭናል፤ ዘይቱን በትልቅ ዕቃ ይገዛል፤ በርበሬውን በወቅቱ አስመጥቶ ያስደልዛል። ድኻው ግን ዘይቱን በሲኒ፣ ሽንኩርቱን በመደብ፣ ስኳሩን በትንሽ ላስቲክ፣ በርበሬውን በማንኪያ ይገዛል። እያንዳንዱ ግዢ ትንሽ ስለ ሆነ የዋጋው ክብደት ለዓይን አይታይም፤ ሲደመር ግን ድኻው ለአንድ ኪሎ የሚከፍለው ሀብታሙ ከሚከፍለው በልጦ ይገኛል። ይህም የሚሆነው በሦስት ምክንያት ነው፤ አንደኛው የመጠን ማነስ፣ ሁለተኛው የጊዜ አለመምረጥ፣ ሦስተኛው የሚዛን መጉደል ነው።

ስለ መጠን፤ ምሳሌ ቢወሰድ ነገሩ ይገለጣል። አንድ ሰው 200 ግራም የሚመዝን የተፈጨ ቅመም በ60 ብር ቢገዛ ርካሽ የገዛ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ለኪሎ 300 ብር መክፈሉ ነው። ከዚያው ተራ ኪሎው በ240 ብር ይሸጥ እንደ ሆነ፣ በየ100 ብሩ ላይ 25 ብር ጨምሮ ከፈለ ማለት ነው። ይህ ለማስረዳት የቀረበ ሒሳብ ነው እንጂ የአንድ ቀን ዋጋ አይደለም፤ የሒሳቡ መንገድ ግን ለሁሉ ሸቀጥ ይሠራል። ስለዚህ ገዢ ሁሉ ዋጋ ሲጠይቅ «ይህ ስንት ነው» ማለቱ አይበቃውም፤ «በኪሎ ስንት ይመጣል» ብሎ በልቡ ማስላት ይገባዋል። ፊደል የቆጠረ ልጅ ያለበት ቤት ይህን ሒሳብ ለልጁ ቢሰጠው ትምህርትም ጥቅምም ይሆንለታል።

ከመጠን ማነስ ጋር የተያያዘ ሌላ ጉዳት አለ፤ እርሱም ዱቤ ነው። ባለ ሱቅ በዱቤ ሲሰጥ ለጎረቤቱ ደግ ነገር ማድረጉ አይካድም፤ ብዙ ቤት በክፉ ቀን ያለፈው በዱቤ ነውና። ዳሩ ግን በዱቤ የሚገዛ ሰው ዋጋ አማርጦ ወደ ሌላ ሱቅ መሄድ አይችልም፤ ሚዛኑንም አይከራከርም፤ ከተበላሸው ዕቃ ደኅናውን አይመርጥም። የታሰረ ገዢ ነው። የወር ደመወዝ በገባ ቀን ያለፈውን ዕዳ ከፍሎ በእጁ ጥቂት የሚቀረው ሰው፣ በሳምንቱ ተመልሶ ወደዚያው መዝገብ ይገባል። ከዚህ ቀለበት ለመውጣት የአንድ ወር መከራ ያስፈልጋል፤ ይኸውም በአንዱ ወር ከበዓልና ከልብስ ወጪ ቀንሶ፣ የሚቀጥለውን ወር አስቤዛ በእጅ ገንዘብ መጀመር ነው።

ስለ ጊዜ፤ በኢትዮጵያ የእህል ዋጋ የሚመራው በአዝመራ ነው። የጤፍ አዝመራ ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ ይሰበሰባል፤ ከምንጃርና ከአድዓ፣ ከበቾና ከጎጃም የሚመጣው አዲስ እህል በታኅሣሥና በጥር ገበያውን ሲሞላው ዋጋው ይረግባል። ከዚያ ወዲህ እየወጣ ሄዶ በሐምሌና በነሐሴ፣ የገበሬው ጎተራ ሲጎድልና መንገዱ በጭቃ ሲዘጋ፣ ከፍ ካለው ቦታ ይደርሳል። ባቄላና አተርም እንደዚሁ በመኸር ወራት ይረክሳሉ፤ ሽምብራ ከጥር ጀምሮ በየካቲት ይገባል። ከማረቆና ከሐላባ፣ ከቡሬም የሚመጣው ዛላ በርበሬ ከጥቅምት በኋላ ይበዛል። ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ የሚለሙ ስለ ሆነ በበጋ ይረክሳሉ፤ በክረምት ግን ዝናቡና በሽታው ምርቱን ስለሚጎዱት እስከ መስከረም ይወደዳሉ። ይህን የማያውቅ የባላገር ልጅ የለም፤ ከተማ የገባ ሰው ግን ወራቱን እየረሳ በየወሩ እኩል ይገዛል፤ ከርካሹ ወር የተረፈውንም ሳያስቀምጥ በውዱ ወር ይማረራል።

በዚህ ላይ የጾምና የበዓል ዑደት ይጨመራል። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ሲገባ ክክ፣ ምስር፣ ሽሮና ዘይት ፈላጊያቸው ይበዛል፤ ቅቤና እንቁላል ደግሞ ፈላጊ ያጣሉ። የፋሲካ ዋዜማ ሲደርስ ነገሩ ይገለበጣል፤ ዶሮ፣ እንቁላል፣ ቅቤና ሽንኩርት በአንድ ሳምንት ውስጥ ዋጋቸው ይንራል። ብልህ ቤት ሽሮውንና ክኩን ከጾሙ በፊት በመኸር ያዘጋጃል፤ ቅቤውንም ጾሙ እኩሌታ ላይ ሳለ ገዝቶ፣ በኮረሪማና በኮሰረት አንጥሮ ያኖራል። ለበዓል የሚሆነውን ሽንኩርት ከሁለት ሳምንት አስቀድሞ መግዛት ማንንም አይጎዳም። ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ቀን ወደ ገበያ መውጣቱ ነጋዴውን ያለ ድካም ዋጋ እንዲያወጣ ያደርገዋል።

የተገዛው ካልተጠበቀ ግን አስቀድሞ መግዛት ኪሳራ ነው። እዚህ ላይ ፈጣሪ ለኢትዮጵያ የሰጠው ጤፍ ታላቅ ጥቅም አለው፤ ቅንጣቱ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ነቀዝ አይገባበትም፤ ደረቅ ሆኖ ከርጥበት ከተጠበቀ ብዙ ዓመት ይቆያል። በቆሎ፣ ማሽላ፣ ሽምብራና ባቄላ ግን ነቀዝ ፈጥኖ ይጥላቸዋል። ስለዚህ የከተማ ሰው አስቀድሞ ገንዘቡን በጤፍ ላይ ቢያውል አይሳሳትም፤ ጥራጥሬውን ግን በደንብ ፀሐይ አስመትቶ፣ ቆልቶና ከክቶ ቢያስቀምጥ ይሻላል። ጆንያው ከመሬት በእንጨት ርብራብ ከፍ ይበል፤ ከግድግዳም ይራቅ። ሽንኩርት በላስቲክ ታስሮ በማዕድ ቤት ሙቀት ውስጥ ቢቀመጥ በሳምንት ይበሰብሳል፤ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ተሰጥቶ ቢቀመጥ ግን ብዙ ጊዜ ይቆያል። ድንችንና ሽንኩርትን አንድ ላይ ማኖር ሁለቱንም ያበላሻል። የተረፈ እንጀራ ደግሞ ሳይሻግት በፀሐይ ደርቆ ድርቆሽ ቢሆን ለሌላ ቀን ፍርፍር ይሆናል። እነዚህ ነገሮች እናቶች የሚያውቋቸው የጥንት ባልትናዎች ናቸው፤ በጠባብ የኪራይ ቤት የሚኖረው አዲሱ ትውልድ ግን እየረሳቸው ነው።

በጥጋብ ዘመን ለችግር ዘመን ማኖር ለሊቃውንት እንግዳ ነገር አይደለም። ዮሴፍ በግብፅ ከሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህል እየሰበሰበ ለሰባቱ የረኃብ ዓመታት ማኖሩን የማያስተምር ካህን የለም። ነገር ግን እህል ማኖርና እህል መሸሸግ አንድ እንዳልሆኑ መታወቅ አለበት። ቤተ ሰብ ለራሱ የዓመት ቀለብ በአዝመራ ጊዜ ቢገዛ፣ ገበሬው ዋጋ ሲወድቅበት ገዢ ያገኛል፤ በክረምትም ገበያው ላይ የሚጋፋው ሰው ይቀንሳል። ነጋዴ ግን ሕዝብ እስኪጨነቅ ድረስ ከመጋዘን ቢቆልፍ ያ ዝርፊያ ነው። የመጀመሪያው ዋጋን ያረጋጋል፤ ሁለተኛው ዋጋን ያንራል። ሹማምንትም ሁለቱን ለይተው መመልከት ይገባቸዋል።

ስለ ሚዛን፤ ሦስተኛው ምክንያት ይህ ነው። በመደብ የሚሸጥ ሽንኩርት በቁጥሩ እንጂ በክብደቱ አይታወቅም፤ ጣሳና ሲኒም እንደ ባለቤቱ ልብ ይሰፋል ይጠባል። ኪሎ የሚመዝነውም ሚዛን ቢሆን ምንጩ ከላላ ወይም ከሥሩ ዕቃ ከተለጠፈበት ከኪሎው ላይ 100 ግራም ሊያጎድል ይችላል፤ ይህም በዋጋ ከመቶ 10 ከመጨመር የበለጠ ነው እንጂ ያነሰ አይደለም። ከዚህ የከፋው ደግሞ ባዕድ ነገር መቀላቀል ነው። በበርበሬ፣ በቅቤና በማር ውስጥ የማይገባ ነገር እየገባ መሸጡ በየጊዜው ሲነገር የቆየ ነው፤ እንዲህ ያለው ገንዘብን ብቻ ሳይሆን ጤናንም ይሰርቃል። ስለዚህ አቅም ያለው ሁሉ በርበሬውን በዛላ፣ ቅመሙንም በፍሬው ገዝቶ ወደ ወፍጮ ቤት ቢወስድ ከርካሽነቱ ሌላ የሚበላውን ያውቃል። በቤቱ ትንሽ ሚዛን የሚያኖር ሰውም ለሚዛኑ የከፈለውን ገንዘብ ከገበያ በሚያተርፈው መልሶ ያገኘዋል።

ለዚህ ነገር ሕግ አልጠፋም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ ዋጋውን ለሕዝብ በግልጽ እንዲያሳይና ሸማቹን እንዳያታልል ያዛል። ነገር ግን በብዙ ሱቅና በጉሊት የዋጋ ጽሑፍ አይታይም፤ ገዢው ሲመጣ ዋጋው በልብሱና በአነጋገሩ ይቆረጥለታል። የተለጠፈ ዋጋ ሲኖር ሽማግሌውም ሕፃኑም እኩል ይገዛሉ፤ ገዢውም ሳይጠይቅና ሳያፍር ከሱቅ ሱቅ ያወዳድራል። ስለዚህ ዋጋ እንዲለጠፍና ሚዛን በየጊዜው እንዲመረመር ማድረግ ለባለ ሥልጣኖች ብዙ ገንዘብ የማያስወጣ፣ ለሕዝብ ግን ብዙ የሚያተርፍ ሥራ ነው።

ዋጋን በትእዛዝ ማውረድስ አይሻልምን የሚል ሰው ይኖራል። ይህ በ2003 ዓ.ም. ተሞክሯል፤ በብዙ የምግብ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ተደነገገ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ዘይትና ስኳር ከመደርደሪያ ጠፉ፤ የተገኘውም በሥውር በበለጠ ዋጋ ይሸጥ ጀመር፤ በዚያው ዓመት የብዙዎቹ ሸቀጦች ጣሪያ ተነሣ። የዚያ ነገር ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ዕቃው ሳይበዛ ዋጋውን ማሰር ዕቃውን ያሸሻል። የገበሬውን ዋጋ አስገድዶ ማውረድም እንደዚሁ ነው፤ የዘንድሮው ርካሽ እህል ገበሬውን ከእርሻው ካስለቀቀ የከርሞው እህል ከየት ይመጣል? ለከተማው ሸማች የሚተርፈው ገንዘብ ከገበሬው ጉሮሮ የሚነጠቅ መሆን የለበትም። መተረፍ ያለበት በገበሬውና በሸማቹ መካከል ከሚፈስሰው ነው፤ ይኸውም ከደላላ ብዛት፣ ከማጓጓዣ ብልሽት፣ ከኬላ መዘግየትና ከብስባሽ ነው።

እስካሁን የተባለው ሁሉ አንድ ታላቅ ጥያቄ ያስነሣል። በጥር ጤፍ በኩንታል ግዛ ቢባል፣ የዕለት ጉርሱን በዕለት የሚያገኝ ሰው ገንዘቡን ከየት ያመጣል? ምክሩ ገንዘብ ላለው ብቻ የሚጠቅም ከሆነ ድኻው በውድ መግዛቱን አይተውም። ለዚህ መልሱ ብቻን አለመሆን ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው፣ ለአንድ ቤት የማይቻለው ለዐሥር ቤት ቀላል ነው። ዐሥር ቤተ ሰዎች ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ለ25 ሳምንት በየሳምንቱ 200 ብር ቢያዋጡ፣ እያንዳንዱ 5,000 ብር፣ ሁሉም በአንድነት 50,000 ብር ይኖራቸዋል። ይህን ይዘው በጥር ከመካከላቸው ሁለት ታማኝ ሰዎች ወደ እህል በረንዳ ቢልኩ፣ እንደ ትልቅ ገዢ ተከራክረው፣ ዓይነቱን መርጠው፣ በአንድ መኪና አስጭነው ይመለሳሉ፤ ኪራዩም ለዐሥር ይካፈላል። ዕቁብን የማያውቅ የኢትዮጵያ ሰው የለም፤ የተለመደው ዕቁብ በዕጣ ገንዘብ ይሰጣል፤ ይህኛው በአዝመራ እህል ይሰጣል። ልዩነቱ ይኸው ብቻ ነው።

በውጭ አገርም ይህ መንገድ የተጀመረው በድኾች ነው። በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በምትባል ከተማ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1844 ዓ.ም.፣ 28 ሰዎች፣ ብዙዎቹ ሸማኔዎች፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ፓውንድ አዋጥተው አንዲት ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። በዚያ ዘመን ነጋዴዎች ዱቄቱን ከባዕድ ነገር ጋር ይቀላቅሉ፣ ሠራተኛውንም በዱቤ ያስሩት ነበር። የእነዚህ ሰዎች ሱቅ መጀመሪያ የነበራት ዕቃ ቅቤ፣ ስኳር፣ ዱቄት፣ የአጃ ዱቄትና ሻማ ብቻ ነበር። ሥርዓታቸው ግን ጥብቅ ነበር፤ ያልተቀላቀለ ዕቃ፣ ያልጎደለ ሚዛን፣ በእጅ ገንዘብ መሸጥ፣ ለእያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ፣ ትርፉንም በዓመት ውስጥ እንደ ገዛው መጠን ለአባሉ መመለስ። በዓለም ሁሉ የተስፋፋው የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሥርዓት በብዙው ከዚያች ሱቅ የተቀዳ ነው።

በኢትዮጵያም ነገሩ አዲስ አይደለም። በደርግ ዘመን በየቀበሌው የኅብረት ሱቅ ተቋቁሞ ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና በድልድል ይሰጥ ነበር። ብዙ ቤት በዚያ እንደ ተረዳ አይካድም፤ ዳሩ ግን ሱቁ ከላይ በትእዛዝ የቆመ፣ ሕዝቡም ተሰልፎ ተቀባይ እንጂ ባለቤት ያልሆነበት ስለ ነበር፣ ሥርዓቱ ሲለወጥ ብዙው አብሮ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 147፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የተተካው አዋጅ ቁጥር 985፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት በአባሎቻቸው ፈቃድ እንዲቆሙና በአባሎቻቸው እንዲመሩ ደነገጉ። ሕጉ መልካም ነው። ነገር ግን ብዙ የሸማቾች ማኅበር አባሎቹ በጠቅላላ ጉባኤ የማይገኙበት፣ ሒሳቡን የማይጠይቁት፣ ስኳርና ዘይት መጣ ሲባል ብቻ የሚያስታውሱት ሆኖ ቀርቷል። አባል ያልጠበቀው ማኅበር ለጥቂት ሰዎች መጠቀሚያ ቢሆን ሊያስደንቅ አይገባም። ማኅበሩ በጥር ጤፍ፣ በኅዳር በርበሬ፣ በየካቲት ሽምብራ በጅምላ የሚገዛ ቢሆን፣ አባሎቹም ዓመታዊ ሒሳቡን ቁጭ ብለው የሚሰሙ ቢሆኑ፣ ለድኻው ቤት ከማንኛውም የደመወዝ ጭማሪ የማያንስ ጥቅም ይሰጣል።

ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የተከፈቱት የእሑድ ገበያዎችም በዚሁ መንገድ የሚታሰቡ ናቸው። አምራቹና ሸማቹ ፊት ለፊት እንዲገናኙ የታሰበበት ይህ ገበያ፣ ቅዳሴ አስቀድሶ ለሚወጣው ሕዝብም ምቹ ሆኖ ይገኛል። ጥቅሙ እንዲጸና ግን ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛው ቦታውን የሚይዙት በእውነት ገበሬዎችና ማኅበሮቻቸው እንዲሆኑ ነው፤ ቅዳሜ ከመርካቶ ገዝቶ እሑድ የሚቸረችር ሰው ብቻ ከሞላው የስሙ ለውጥ ነው የሚቀረው። ሁለተኛው ከሰፈር ሰፈር እንዳይርቅ ነው። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት አትክልት ተራ ከፒያሳ ወደ ጃን ሜዳ፣ በኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት በተዛወረ ጊዜ፣ ገበያ መራቁ ለትንሽ ቸርቻሪና ለትንሽ ገዢ ምን ያህል የመጓጓዣ ወጪ እንደሚጨምር ታይቷል። አንዲት እናት በዐሥር ኪሎ ሽንኩርት ላይ ያተረፈችውን ለታክሲ ከከፈለችው ምን ተጠቀመች?

በዚህ ሥራ የካህናት ድርሻ ትንሽ አይደለም። ጽዋ ማኅበር ከካህን ምክር ውጭ የሚቆም አይደለም፤ የንስሐ አባትም የቤቱን ገበና የሚያውቅ ነው። ብዙ ቤት ከወር ወር ጠብ አድርጎ ያጠራቀመውን በአንድ ተዝካር፣ በአንድ ክርስትና ወይም በአንድ በዓል ድግስ ይጨርሰዋል፤ ከዚያም ዓመቱን ሙሉ በዱቤ ይኖራል። ይህ ድግስ ብዙ ጊዜ የሚደገሠው የሰው ዓይን ተፈርቶ ነው እንጂ ሃይማኖቱ አዝዞ አይደለም። የንስሐ አባት «በአቅምህ ልክ ይበቃል» ያለው እንደ ሆነ፣ የጎረቤት ወሬ የሚያስጨንቀው ሰው ልቡ ያርፋል። ዕድርም የሐዘን ቀን ድንኳንና ወንበር የሚያኖርበት መጋዘን እያለው፣ የአባሎቹን የዓመት እህል ለማኖር ጥግ አያጣም። ታማኝነቱ በብዙ ዓመት የተፈተነ ማኅበር ስለ ሆነ፣ አዲስ ማኅበር ከመፍጠር ይልቅ ዕድሩን ለዚህ ሥራ ማነሣሣት ይቀልላል።

የባለ ሥልጣኖቹ ድርሻ ደግሞ ከላይ በጥቂቱ ተነግሯል። ሚዛን ይመርመር፤ ዋጋ ይለጠፍ፤ የየሳምንቱ የጅምላ ዋጋ ሕዝብ በሚሰማው መንገድ ይነገር፤ ለሸማቾች ማኅበር በአዝመራ ጊዜ የሚከፈልና በክረምት የሚመለስ ብድር ይመቻች፤ እህል የጫነ መኪና ያለ በቂ ምክንያት በመንገድ አይቁም። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤትም ሠራተኞቹ በደመወዛቸው ልክ በጥቂት በጥቂቱ አዋጥተው በአንድነት እንዲገዙ ቢረዳ፣ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ምንም ሳያስወጣ የደመወዙን ዋጋ ከፍ ያደርገዋል።

የእያንዳንዱ ቤት ድርሻ ግን የሚጀምረው ከአንዲት ደብተር ነው። ለአንድ ወር የገባውና የወጣው ሁሉ፣ የጨው ዋጋ ሳይቀር፣ ይጻፍ። ወሩ ሲያልቅ ባልና ሚስት አብረው ተቀምጠው ቢያነቡት፣ ገንዘቡ በየት እንደ ወጣ ማንም ሳይወቅሳቸው ይገባቸዋል። በወር 5,000 ብር ለምግብ የሚያወጣ ቤት በመጠን፣ በጊዜና በሚዛን ተጠንቅቆ ከመቶ 15 ብቻ ቢያተርፍ፣ በወር 750 ብር፣ በዓመት 9,000 ብር በእጁ ይቀራል። ይህ ገንዘብ የዱቤውን ቀለበት ይሰብራል፤ የሚቀጥለውን ጥር የጤፍ መዋጮ ይሆናል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከማዕዱ የተነሣውን ምስርና እንቁላል ወደ ቦታው ይመልሳል።

እንግዲህ የኑሮ ውድነት በአንድ ቀን የሚወገድ አይደለም፤ የምንዛሪው ነገር፣ የመንገዱና የሰላሙ ነገር፣ የእርሻው ነገር ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። ነገር ግን ድኻው ለአንዱ እህል ከሀብታሙ አብልጦ እንዲከፍል የሚያደርገው ነገር ከሰማይ የወረደ አይደለም። እርሱን ለማስቀረት የሚያስፈልገው የሹም ትጋት፣ የካህን ምክርና የጎረቤት መተማመን ነው። መጪው አዝመራ ከመግባቱ በፊት መዋጮውን የጀመረ ሰፈር በክረምቱ ገበያ ዋጋ ሲያማርር አይገኝም።